«ጌት ዳውን» ሲባል ለምን ይደነግጣሉ? የእንግሊዝኛ አቅጣጫ ጠቋሚዎች ችግርና መፍትሄ

ሰዋስው ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች እንኳ «አፕ»፣ «አውት»፣ «ባክ» የሚባሉት ትንንሽ ቃላት ከ«ቱ»፣ ከ«አት»፣ ከ«ፍሮም» ጋር ሲገጣጠሙ ይደናገራሉ። ስህተቱ ብዙ መልክ አለው፤ ሥሩ ግን በአብዛኛው አንድ ነው።

ምልክት፦ ንግግሩ ይገባል፣ ግን መጽሐፍ መጽሐፍ ይላል

«ሮጦ ከቤት ወጣ» ለማለት «ሂ ኤግዚትድ ፍሮም ዘ ሃውስ ባይ ረኒንግ» የሚል ሰው አለ። ምክንያቱ አማርኛ አቅጣጫን ግሱ ውስጥ ማስቀመጡ ነው፤ ገባ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ተመለሰ። አኳኋኑ በ«ሮጦ»፣ በ«ዘሎ» ቀድሞ ይመጣል። እንግሊዝኛ ይህን ይገለብጠዋል። ሩጫው ዋና ግስ ይሆንና መውጣቱ ለትንሿ ቃል ይተዋል፤ «ሂ ራን አውት ኦቭ ዘ ሃውስ»። አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ሊዮናርድ ታልሚ ቋንቋዎችን በዚሁ ልዩነት ለሁለት ከፍሏል፤ ስፓኒሽም ከኛ ወገን ነው።

መፍትሄው ሁለቱን ግሶች አገላብጦ መናገር ነው። «ዘሎ ገባ» ሲሆን «ጃምፕድ ኢን»፣ «በእግሩ ተመለሰ» ሲሆን «ዎክድ ባክ»። ቦታው ከዚያ ኋላ ይጨመራል፤ «ዎክድ ባክ ቱ ዘ ሆቴል»።

የዚሁ ተቃራኒ የሆነ ስህተትም አለ፤ «ሪተርን ባክ»፣ «ኢንተር ኢንቱ ዘ ሩም»። ከላቲን የመጡት እንዲህ ያሉ ግሶች እንደኛ ግሶች አቅጣጫቸውን ይዘው የተወለዱ ናቸውና ተጨማሪ አይፈልጉም። «ኢንተር ኢንቱ» ትክክል የሚሆነው ውል መግባትን ለመሳሰለው ነገር ነው።

ምልክት፦ አውቶብስ ውስጥ «ጌት ዳውን» ብላችሁ ሰው ዞሮ አያችሁ

አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ብሎ ያደገ ሰው፣ ዋሽንግተንም ሆነ ለንደን ሲደርስ «አይ ዋንት ቱ ጌት ዳውን ፍሮም ዘ ባስ» ቢል አይገርምም። አሜሪካዊ ጆሮ ግን ድንገተኛ «ጌት ዳውን!»ን የሚያውቀው «ጎንበስ በሉ፣ መሬት ያዙ!» በሚል ትርጉም ነው። መውረዳችንን ያመጣው የኛ ግስ ነው። እንግሊዝኛ ትኩረቱ ከፍታው ላይ አይደለም፤ ተሳፋሪው መጓጓዣው ላይ ነበር ወይስ ውስጡ ነበር የሚለው ላይ ነው።

ቆመው የሚራመዱበት ከሆነ፣ ማለትም አውቶብስ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን፣ ሲሳፈሩ «ጌት ኦን»፣ ሲወርዱ «ጌት ኦፍ» ነው። አጎንብሰው የሚገቡበት የቤት መኪናና ትንሽ ታክሲ ከሆነ «ጌት ኢን» እና «ጌት አውት ኦቭ» ይሆናል። እዚህ ላይ ጆሮ ያሳስታል፤ ብዙዎቻችን «ኦፍ»ንም «ኦቭ»ንም «ኦፍ» ብለን እናልፋለን። በ«ፍ» የሚነገረው ራሱ መነሻውን ስለሚያሳይ ወዲያው ስም ይከተለዋል፤ «ጌት ኦፍ ዘ ባስ»። «አውት» ግን ስም ለመያዝ በ«ቭ» የሚነገረውን ረዳት ይጠይቃል፤ «ጌት አውት ኦቭ ዘ ካር»። ወተት ሲያልቅም «ዊ ራን አውት ኦቭ ሚልክ» ነው።

ምልክት፦ «ዳውን አት ዘ ሾፕ» ሲባል ሱቁ ምድር ቤት ይመስላችኋል

ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው፣ ምክንያቱም አማርኛም አለው። «የት ነህ?» ሲባል «እታች ሱቅ ጋ ነኝ» እንላለን። «እታች» አካባቢውን ከተናጋሪው አንጻር ትጠቁማለች፣ «ሱቅ ጋ» ነጥቡን ይወስናል። እንግሊዝኛውም ሰፊውን አስቀድሞ ጠባቡን ያስከትላል፤ «አፕ ኦን ዘ ሩፍ» ማለት እላይ ጣሪያው ላይ፣ «አውት ኢን ዘ ጋርደን» ማለት ውጭ አትክልቱ ቦታ። በስደት ያለው ወገናችን የሚያዘወትራት «ባክ ሆም ኢን ኢትዮጵያ»ም የተሠራችው በዚሁ መንገድ ነው። «ባክ» ከሌላ ጠቋሚ ጋር ሲመጣ ቀዳሚ ነው፤ «ካም ባክ ዳውን ፍሮም ዘ ሩፍ»።

ዕቃ ሲኖር «ኢት» ከግሱ ቀጥሎ ይገባል። «ፑት ኢት ባክ ኢን ዘ ፍሪጅ» እንጂ «ፑት ባክ ኢት» ብሎ ነገር የለም።

ምልክት፦ የቤት ሥራችሁ መምህር ሆነ

«አይ ተርንድ ማይ ሆምወርክ ኢንቱ ማይ ቲቸር» ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ ደብተሩን መምህር አድርጎ ለውጦታል። «ተርን ኢንቱ» ወደ ሌላ ነገር መለወጥ ነው። ማስረከብ «ተርን ኢን» ብቻውን የተሟላ ግስ ነው፤ «ቱ» የምትመጣው ተቀባዩን ለማሳየት ነውና ሁለቱ ተለያይተው ይጻፋሉ፤ «ኢን ቱ»። «ሎግ ኢን ቱ»ም እንዲሁ ነው። ጮክ ብላችሁ ስታነቡት «ኢን» ጠበቅ፣ «ቱ» ላላ ትላለች።

ከዚሁ ዘመድ የሆነችው የማመልከቻ ደብዳቤ መዝጊያ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ናት። «ቱ»ዋ እዚህ መስተዋድድ ስለሆነች «ሂር» ሳይሆን «ሂሪንግ» ትጠይቃለች፤ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሂሪንግ ፍሮም ዩ»።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ «ሂ ራን አውት ዘ ዶር» ስትሰሙ «ኦቭ»ዋ የት ገባች አትበሉ። በርና መስኮት ላይ አሜሪካኖች ይጥሏታል፣ በእንግሊዝ መደበኛ ጽሑፍ ግን ትጠበቃለች። ፈተና ላይ ጻፏት።