ከሐዋሳ ወደ ባሌ ተራሮች፦ ለቀናት በእግር የሚጓዝ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የታቦርን ተራራ በየማለዳው የሚወጣ፣ የሐይቁን ዳር ሮጦ የሚመለስ የሐዋሳ ልጅ የባሌ ተራሮች የሚከብዱት አይመስለውም። እኛም አልመሰለንም ነበር። ጓደኞቼን ደጋግሞ ሲጥላቸው ያየሁት ግን የጉልበት ማነስ ሳይሆን ችኮላ ነው።

በአንድ ቀን ሳነቴ ላይ ማደር

ከሁሉ የከፋው ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ 3,100 ሜትር ገደማ፣ የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር አካባቢ፣ ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ነው። ከጎባ ከተማ የሚወጣው መንገድ አምባውን አቋርጦ ስለሚያልፍ መኪና በዚያው ዕለት ያደርሳል፤ ሰውነት ግን ስስ አየር ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል።

በመጀመሪያው ጉዟችን ጠዋት ከሐዋሳ ተነስተን ማታ ሳነቴ ላይ ድንኳን ተከልን። ከመካከላችን ጎበዝ ሯጭ የሆነው ልጅ ራሱን ይዞ ሲያቃስት፣ የበላውን ሲመልስ አደረ። ጎህ ሲቀድ ደግፈን ወደ ጎባ አወረድነው፤ ከተማው ሳንገባ ፊቱ ፈካ። መድኃኒቱ መውረድ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ሌሊት ዲንሾ እደሩ። ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አታድርጉት። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣ ባላችሁበት እረፉ፤ ካልቀለለ ውረዱ። ማስታገሻ ውጦ ሽቅብ መቀጠል ሕመሙን መደበቅ ነው። ሰው እንደ ሰከረ ከተንገዳገደ ወይም ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረው፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ማውረድና ሐኪም ቤት ማድረስ ግድ ነው። በሁለተኛው ጉዞ ፈረስ የጫኑልን አባት ፈጠን ባልን ቁጥር «ሱታ፣ ልጄ፣ ሱታ» ይሉን ነበር፤ ቀስ በሉ ማለታቸው ነው። እኔም ለአዲስ ሰው የምለው ይህንኑ ነው።

የሐዋሳን ልብስ ይዞ መውጣት

ከኅዳር እስከ የካቲት መሬቱ ደረቅ ስለሆነ ለመንገድ ይመቻል፤ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ውርጭ ድንኳኑን ያነጣዋል። ጂንስና የጥጥ ቲሸርት ላብ ይዘው ይቀራሉ፣ ስትቆሙ ያንቀጠቅጣሉ። ጋቢ ለድንኳን ውስጥ ግሩም ነው፤ ከረጠበ ግን ሸክም ነው። ከሰልባጅ ተራ የሱፍ ሹራብና ውሃ የማያስገባ ጃኬት ምረጡ፤ ወፍራም ስሊፒንግ ባግ ካልገዛችሁ ተከራዩ። ቆብም አትርሱ፤ የከፍታው ፀሐይ በብርዱ መሃል ያቃጥላል።

አዲስ ጫማ

ቢያንስ ለአንድ ወር ታቦር ላይ ውጡበት፣ ውረዱበት። እግር የሚፈጅ ቦታ እንደተሰማችሁ ውሃ ሳይቋጥር ፕላስተር ለጥፉበት። ጥፍር መቁረጥም አይረሳ፤ ቁልቁለት ላይ አውራ ጣትን የሚጎዳው ያደገ ጥፍር ነው።

ድፍን ምስር ለመቀቀል ማሰብ

4,000 ሜትር ላይ ውሃ በ87 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ምስር ቶሎ አይበስልም፣ ጋዙም ያልቃል። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ጭኮ የተሻሉ ናቸው። የወንዝ ውሃ ግን አፍልታችሁ ጠጡ፤ በዚያ ከፍታ 3 ደቂቃ ይንተክተክ። ለማገዶ አስታ መቁረጥ ነውር ነው፤ ቡታ ጋዝ ያዙ።

ውሻ ማስከተል

ከመንደር የሚከተላችሁን ውሻ ፍርፋሪ አትስጡት፤ መልሱት። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የሚገኘው በኢትዮጵያ ደጋዎች ብቻ ነው፤ ከሁሉ የሚበዛውም ባሌ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ ያሉ ቀበሮዎችን በብዛት ጨርሷል። አንድ ቡችላ ወደ ሸለቆው ድረስ ተከትሎን፣ ያ ፈረስ የጫኑልን አባት ግማሽ ቀን አጥፍተው ለባለቤቱ መልሰውታል። እስኪመለሱ ድረስ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ጠበቅናቸው፤ ፊት ለፊታችን ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ታድን ነበር።