ጎቢ ማንቹሪያን ለምን ይልፈሰፈስብናል?

ስሙ አያሳስታችሁ። ማንቹሪያ ያለው ሰሜን ምሥራቅ ቻይና ነው፤ ምግቡ ግን የህንድ ነው። የዶሮውን ማንቹሪያን በ1975 እ.ኤ.አ. ሙምባይ ውስጥ የጀመረው ኔልሰን ዋንግ የተባለ ኮልካታ የተወለደ ቻይናዊ ነው ይባላል። ሥጋ ለማይበሉት ደግሞ በዶሮው ቦታ ጎቢ፣ ማለትም አበባ ጎመን ገባ፤ ሊጥ ውስጥ ተነክሮ ይጠበስና በሶስ ይለወሳል። እንቁላልም ወተትም ስለሌለው ለጾም አንደኛ ነው።

እኔ መጀመሪያ የሠራሁት ቀን ሳህን ላይ የቀረበው ጎቢ ሳይሆን ጎመን የገባበት አጥሚት ነበር። ጥፋቱ ሁሉ የውሃ ነው። የምንሠራቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው፦

ጎመኑን እርጥብ እያለ ሊጥ ውስጥ መንከር። በአውራ ጣት ልክ ቆራርጡት፣ ጨው ባለው የፈላ ውሃ 2 ደቂቃ ብቻ ንከሩትና አውጡት። ከዚያ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ። ችኩል ሰው እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው። እርጥብ ጎመን ሊጥ አይይዝም።

ፉርኖ ዱቄት ብቻ መጠቀም። ብቻውን ሲሆን ሽፋኑ እንደ ዳቦ ይለሰልሳል። ግማሹን የበቆሎ ስታርች አድርጉት። ሊጡ ማንኪያ ላይ የሚቀር፣ ወፈር ያለ ይሁን።

ያልጋለ ዘይት። ከ175 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበቃል። መለኪያ ከሌላችሁ የሊጥ ጠብታ ጣሉበት፤ ታች ከተቀመጠ ገና ነው፣ እየተንጫጫ ቶሎ ከተንሳፈፈ ደርሷል። ሁሉንም ባንዴ አትክተቱ፤ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ ጎመኑም ይጠጣዋል። ደግሞ ሁለት ጊዜ ጥበሱት። መጀመሪያ ነጣ እንዳለ አውጡትና ትንሽ ይረፍ። ከውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ሽፋኑ ይወጣል። ከዚያ ጠንከር ባለ እሳት 1 ወይም 2 ደቂቃ። ጆሯችሁን ስጡት፤ የዘይቱ ጩኸት ሲቀንስ ውሃው አልቋል ማለት ነው።

ቀይ ቀለም መጨመር። የህንዷ ካርናታካ ግዛት በ2024 እ.ኤ.አ. ጎቢ ማንቹሪያን ውስጥ ሰው ሠራሽ ቀለም መጨመርን ከልክላለች። ፓፕሪካ ይበቃል። በርበሬያችንን ሞክሬዋለሁ፤ ጣዕሙ ወደ ወጥ ሄደብኝ።

ሶሱ ላይ ሁለት ነገር ብቻ። ሶያ ሶስ ራሱ ጨው ስለሆነ ሳትቀምሱ ጨው አትጨምሩ። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉና ቃሪያው ቁሌት ከሆነ በኋላ ሶያ ሶስ፣ ካቻፕና ጥቂት አቼቶ ይገባል፤ በቀዝቃዛ ውሃ የተበጠበጠ አንድ የሻይ ማንኪያ ስታርች ያወፍረዋል። ጎመኑ ላይ መለጠፍ እንጂ መፍሰስ የለበትም።

ሶስና ጎመን የሚገናኙት ሊበላ ሲል ነው። እንግዳችሁ ደውሎ «ደርሻለሁ» ቢል አትመኑት። በሩ ሲንኳኳ ቀላቅሉ።