በበረራ ላይ የአብራሪን ትኩረት የሚሰርቁ የኮክፒት እንከኖች፦ ምልክታቸው፣ መንስኤያቸውና መፍትሄያቸው

ይህ ጽሑፍ በዋናነት ባለ አንድ ሞተር አነስተኛ አውሮፕላኖችን ለሚያበሩና የበረራ ትምህርት ላይ ላሉ አንባቢያን የቀረበ ነው። ከሚከተሉት የኮክፒት (የአብራሪው ክፍል) እንከኖች አብዛኞቹ በራሳቸው አውሮፕላን አይጥሉም፤ አደጋው የሚመጣው ሁሉም ዓይን ወደ እንከኑ ዞሮ ፍጥነትንና ከፍታን የሚከታተል ሰው ሲጠፋ ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ችግር ላይ አስቀድሞ የሚደረገው ነገር ክንፎቹን ማስተካከል፣ ፍጥነትና ከፍታን ማረጋገጥ፣ ወደ እንከኑም ከዚያ በኋላ ብቻ መመለስ ነው።

የጎማው አረንጓዴ መብራት አልበራም

ጎማቸው በሚታጠፍ አውሮፕላኖች ላይ ጎማዎቹ ወርደው መቆለፋቸውን ከሚያሳዩት ሦስት አረንጓዴ መብራቶች አንዱ ካልበራ ጎማው በትክክል አልተቆለፈም ማለት ሊሆን ይችላል፤ አምፖሉ ብቻ ተቃጥሎም ሊሆን ይችላል። ሦስቱም በቀን ብርሃን የጠፉ ከመሰሉ ደግሞ አስቀድሞ የሚጠረጠረው የሌሊት መብራት ማብሪያ ነው፤ እንደ ፓይፐር አሮው ባሉ አውሮፕላኖች ላይ ይህ ማብሪያ በርቶ ሲረሳ የጎማ መብራቶቹ ስለሚደበዝዙ በፀሐይ ጊዜ ጨርሶ አይታዩም።

ይህ ተራ የሚመስል እንከን ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል ያሳየው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 1972 ከኒው ዮርክ ተነስቶ ወደ ማያሚ ይበር የነበረው የኢስተርን አየር መንገድ በረራ 401 ነው። የፊት ጎማው መብራት ባለመብራቱ አብራሪዎቹ ማረፋቸውን ትተው ወደ 2,000 ጫማ ወጡ፤ አውቶፓይለቱን (አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረውን መሣሪያ) ከፍታ እንዲጠብቅ አዘው አምፖሉን ከነማቀፊያው ነቅሎ ለመመለስ ይታገሉ ጀመር። የበረራ መሐንዲሱም ጎማውን በዓይኑ ለማየት ከኮክፒቱ ወለል በታች ወዳለው ክፍል ወረደ። በዚህ መካከል የአውሮፕላኑ መሪ ዘንግ ሳይታወቅ ተገፍቶ የአውቶፓይለቱ ከፍታ መጠበቂያ ተላቀቀ። አውሮፕላኑ ከተመደበለት ከፍታ 250 ጫማ ሲወርድ የማስጠንቀቂያ ደወል ቢያሰማም ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ከተሳፈሩት 176 ሰዎች 101 ሞቱ። በኋላ ሲመረመር ጎማው ወርዶ ነበር፤ የተቃጠለው አምፖሉ ነበር።

መፍትሄው እንግዲህ የሚጀምረው ከአምፖሉ አይደለም። ከማረፊያ ዙሪያው (አውሮፕላኖች ለማረፍ ከሚዞሩበት መስመር) ይውጡ፣ አስተማማኝ ከፍታ ይያዙና ለአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ያሳውቁ። አብሮዎት ሌላ አብራሪ ካለ አንዳችሁ ከማብረር በቀር ምንም እንዳትነኩ በቃል ተነጋገሩ። ከዚያ የሌሊት መብራት ማብሪያውን ያጥፉ፤ ለውጥ ከሌለ፣ አምፖሎቹ የሚነቀሉ ከሆኑ፣ ከሚበራው ቦታ አንዱን አውጥተው በጠፋው ቦታ ይሞክሩ። አሁንም ካልበራ ወደ ድንገተኛ ጎማ ማውረጃ ቼክሊስት ይሂዱ።

ከመሬት እንደተነሱ የሚሰማ ኃይለኛ ድብደባ

ሞተሩ የሚፈርስ የሚያስመስል፣ የአውሮፕላኑን አካል ያለማቋረጥ የሚደበድብ ድምፅ ብዙውን ጊዜ በሩ ሲዘጋ ውጭ የቀረ የመቀመጫ ቀበቶ ጫፍ ነው። ለመለየት የዘይት ግፊትንና የሞተሩን ዙር ይመልከቱ፤ ሁለቱም ደህና ሆነው ድምፁ ከሞተሩ ዙር ይልቅ ከአውሮፕላኑ ፍጥነት ጋር የሚቀያየር ከሆነ ቀበቶውን ይጠርጥሩ። ፍጥነት ይቀንሱ፣ እንደተለመደው ዞረው ያርፉ፤ ቀለሙን ከመላጥ ያለፈ ጉዳት ማድረሱ እምብዛም ነው። እየወጡ ሳለ በሩን ከፍቶ ቀበቶውን መሳብ ግን አይገባም።

በሩ በአየር ላይ ተከፈተ

በደንብ ያልተቆለፈ በር በመነሳት ላይ ድንገት ይከፈታል። ጩኸቱና ነፋሱ ያስደነግጣል፤ ወረቀትም ይበራል፤ ነገር ግን የነፋሱ ግፊት በሩን ጥቂት ኢንች ብቻ ክፍት አድርጎ ስለሚይዘው አውሮፕላኑ መብረሩን ይቀጥላል። መንደርደሪያው ላይ ገና ብዙ ቦታ ካለ መነሳቱን ያቋርጡ፤ ከተነሱ ግን መደበኛ ዙር ሠርተው ማረፍ ይበልጣል። በሴስና 172 ላይ በሩን በአየር ላይ ለመዝጋት የሚመከረው አውሮፕላኑን ወደ 75 ኖት አረጋግቶ፣ በሩን በጥቂቱ ወደ ውጭ ገፋ አድርጎ በኃይል መሳብ ነው። በእኔ አስተያየት ብቻውን ያለ ጀማሪ ይህን ባይሞክር ይሻላል።

በሄድሴት ውስጥ የሚሰማ ጩኸት

እዚህ ላይ ድምፁ ራሱ መንስኤውን ይናገራል። ከሞተሩ ዙር ጋር አብሮ የሚቀጥንና የሚወፍር ፉጨት ከኦልተርኔተሩ (በሞተሩ ከሚዞረው የኤሌክትሪክ ማመንጫ) ወይም ከላላ የመሬት ሽቦ ይመጣል፤ ኦልተርኔተሩን ለማረጋገጫ ብሎ በአየር ላይ ማጥፋት ሳያስፈልግ ለጥገና ክፍል ይተዉት። እኩል እየቆየ የሚመታ ጠቅታ ከክንፍ ጫፍ ብልጭታ መብራት ነው። ጭንቅላት ሲንቀሳቀስ የሚቆራረጥ ድምፅ የመሰኪያ ችግር ነው፤ ነቅሎ አሽከርክሮ መመለስ ብዙውን ጊዜ ይበቃዋል። ያለማቋረጥ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ስኩዌልቹ (የሬዲዮውን ባዶ ጩኸት የሚያፍነው መቆጣጠሪያ) እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ሲቀር ይሰማል።

ከሁሉም የሚያሳስበው ግን ዝምታ ነው። ሥራ የበዛበት ፍሪኩዌንሲ ድንገት ጸጥ ካለ የእርስዎ የመናገሪያ ቁልፍ ተጣብቆ የሌላውን ሁሉ ድምፅ እየዘጋ ሊሆን ይችላል። በሬዲዮው ላይ የማስተላለፊያ ምልክቱ እንደበራ ከቀረ ቁልፉን ደጋግመው ይጫኑ፤ ካልተላቀቀ ከሁለቱ መሰኪያዎች ቀጭኑን፣ ማለትም የማይክሮፎኑን፣ ይንቀሉ። መስማትዎ ይቀጥላል፤ ለመናገርም የእጅ ማይክሮፎን ካለ ይጠቀሙ።

መቀመጫው ወደ ኋላ ተንሸራተተ

ይህኛው ከመረበሽ ያልፋል፤ አብራሪው ሲንሸራተት መሪውን ይዞ ስለሚስብ አፍንጫው ሽቅብ ይወጣል። መንስኤው ያረጀ የሐዲድ ቀዳዳ ወይም ያልገባ ፒን ነው። የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1987 የሴስና መቀመጫ ሐዲዶች በየጊዜው እንዲመረመሩ አዟል። ከመነሳት በፊት ወገብዎን ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዘው መቆለፉን ያረጋግጡ፤ ከተንሸራተተም መሪውን ይልቀቁ።

ታብሌቱ በሙቀት ጠፋ

አምራቹ ለአይፓድ የሚመክረው የአካባቢ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ መስታወት ሥር ፀሐይ ከመታው ይህን ቶሎ ያልፋል። ከፀሐይ ያውርዱት፣ ቻርጁን ይንቀሉ፣ የአየር መውጫው ፊት ይያዙት፤ እስኪበርድ ድረስ በወረቀት ካርታ ይብረሩ።

ካረፉ በኋላ እንከኑን በአውሮፕላኑ መዝገብ ላይ ሲጽፉ «ሬዲዮው ይጮኻል» ብቻ አይበሉ፤ በየትኛው ከፍታ፣ በስንት የሞተር ዙር፣ የትኞቹ ማብሪያዎች በርተው ሳለ እንደተሰማ ይግለጹ፤ አለዚያ መካኒኩ መሬት ላይ ሞክሮ «ችግር አልተገኘበትም» ብሎ ይመልስልዎታል።