«ድሮ ቀረ» ለማለት አትቸኩሉ፦ የሆረር ሪሜክ ስናይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐዋሳ ላይ ቅዳሜ ማታ የሚሠራ ነገር አይጠፋም። ሐይቅ ዳር መውጣት አለ፣ ኳስ ማየት አለ። እኛ ቤት ግን ሆረር፣ የሚያስፈራ ፊልም፣ ይታያል። እኔ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ ሁለት የሰፈር ልጆች፣ አንዳንዴም ረከቦቷን ይዛ በሩ አጠገብ የምትቀመጠው እናቴ። እናቴ «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላይም» ትላለች። ከዚያ እስከ መጨረሻው ታያለች።

ፊልሙ በፍላሽ ይመጣል፣ ፈንዲሻው እዚያው ይፈነዳል። ክርክሩ ደግሞ ሁሌም ያው ነው። ኦሪጅናሉ ይሻላል ወይስ ሪሜኩ፣ ማለትም እንደገና የተሠራው? እኔ «ድሮ ቀረ» ባይ ነበርኩ። ወንድሜ በተቃራኒው እሱ ከመወለዱ በፊት የተሠራ ፊልም ሁሉ ጥቁርና ነጭ ይመስለዋል። ብዙ ቅዳሜ ተጨቃጭቀን የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ፊልሞቹን ሳንመዝን ሚዛናችን ቀድሞ የተንጋደደ መሆኑ ነው። ከታች ካሉት ስህተቶች ግማሾቹን የሠራሁት እኔ ራሴ ነኝ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሪሜክን እንደ ኮፒ ጫማ ማየት

ገበያ ያሳደገን ሰዎች ነን። ጫማ ስናነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ «ኦሪጅናል ነው ኮፒ?» ነው። ይህንን ጥያቄ ይዘን ፊልም ፊት እንቀመጣለን። በጫማ ቋንቋ ኮፒ ማለት በሁለት ወር ሶሉ የሚላቀቅ ማለት ነው። ስለዚህ ሪሜኩ ገና ሳይጀምር ተፈርዶበታል።

ግን ፊልም ከጫማ ይልቅ ለትዝታ ይቀርባል። ትዝታን ማህሙድ አህመድ ዘፍኖታል፣ ጌታቸው ካሣ ዘፍኖታል፣ በዛወርቅ አስፋው ዘፍናዋለች። «ኦሪጅናሉ የማን ነው?» ብሎ የሚጣላ ሰው አላየሁም። የምንጠያየቀው የማን አንጀት እንደሚበላ ነው።

ደግሞ «ኦሪጅናል» የምንለው ራሱ ስንቱ ኦሪጅናል ነው? የ1922ቱ «ኖስፌራቱ» የሆረር ሁሉ አያት ነው። የተሠራው ግን በ1897 ከታተመው «ድራኩላ» ልቦለድ ነው፤ ያውም ያለፈቃድ። የደራሲው ባለቤት ከሰሰች፣ ፍርድ ቤቱም የፊልሙ ቅጂዎች እንዲጠፉ ወሰነ። ዛሬ የምናየው ከዚያ ያመለጡት ቅጂዎች ስላሉ ነው። ቬርነር ሄርዞግ በ1979፣ ሮበርት ኤገርስ በ2024 እንደገና ሠርተውታል። እንግዲህ ኦሪጅናሉን ፈልጉ!

መጀመሪያ ያየነውን መጀመሪያ ከተሠራው ጋር ማምታታት

ይህ የኔ ነው።

«ዘ ሪንግ»ን ያየሁት ልጅ ሆኜ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው። አግዳሚ ላይ ተጣበን፣ ከፊቴ አንድ ረጅም ልጅ ተቀምጦ። ካሴቱ የኮፒ ኮፒ ስለነበር ነጭ መስመር እየመጣ ምስሉን ያቋርጠዋል። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፦ አንድ ካሴት አለ፣ ያየው ሰው በሰባት ቀኑ ይሞታል። (ፊልሙን ያላያችሁ ቀጣዩን አረፍተ ነገር ዝለሉት።) ማምለጫው ካሴቱን ኮፒ አድርጎ ለሌላ ሰው ማሳየት ነው። እኛ ደግሞ ስንቴ ኮፒ እንደተደረገ የማይታወቅ ካሴት እያየን ነበር። ከቪዲዮ ቤቱ ስወጣ ማክሰኞ ነበር። እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ቀን ስቆጥር ሰነበትኩ። ረቡዕ ጠዋት ስነቃ በሕይወት መኖሬ እንደ ትንሣኤ ሆነብኝ።

ያ ፊልም ጎር ቨርቢንስኪ በ2002 የሠራው የአሜሪካ ሪሜክ መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ዋናው የጃፓኑ ሂዴኦ ናካታ የ1998 ፊልም ነው፤ እሱም ከኮጂ ሱዙኪ ልቦለድ የመጣ። የጃፓኑን በጠራራ ፀሐይ በላፕቶፕ አየሁትና «ቀሽም ነው» ብዬ ዘጋሁት። እንዴት ያለ ግፍ! አንዱን በአሥር ዓመት ልጅ ፍርሃት፣ ሌላውን በቀን ብርሃን፣ ምሳ በልቼ እያዛጋሁ።

በኋላ ማታ፣ ብቻዬን፣ በማዳመጫ ደገምኩት። በካሴቱ የምትታየው ልጅ ከጉድጓድ ወጥታ የምትመጣበት አካሄድ ሰውነቴን አቀዘቀዘው። ተዋናይዋን ወደ ኋላ እያስኬዱ ቀርፀው ነው ምስሉን ገልብጠው ያሳዩት። አንድ የኮምፒውተር ብልሃት እዚያ ላይ ምን ይጨምራል? የአሜሪካው ደግሞ የራሱ አለው። በጀልባ የሚጓዘው ፈረስ ደንብሮ ወደ ባሕር የሚዘልበት ትዕይንት ጃፓኑ ውስጥ የለም፣ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። የኔ ፍርድ፦ እኩል ናቸው።

ወንድሜ ሁለቱንም አይቶ የጠየቀው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። «ካሴቱን ለምን ወደ ፍላሽ ገልብጠው አይገላገሉም?»

ታማኝነትን እንደ ብቃት መቁጠር

«ሪሜክ ሲሠራ ኦሪጅናሉን መንካት የለበትም» የሚል ጓደኛ አለኝ። ለሱ የሚሆን መልስ በ1998 ተሠርቷል። ጋስ ቫን ሳንት የሂችኮክን የ1960 «ሳይኮ» ወስዶ በቀለም፣ ከሞላ ጎደል ትዕይንት በትዕይንት ደገመው። ሙዚቃው ያው፣ ንግግሩ ያው፣ መጋረጃው ያው። ውጤቱ ግን እንደቀዘቀዘ ሽሮ ነው። ቅመሙ ሁሉ አለ፣ ማንም እጁን አይዘረጋም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሂችኮክ ዋና ባለታሪክ የመሰለችንን ሴት ፊልሙ ግማሽ እንኳን ሳይደርስ ሻወር ውስጥ ይገድላታል። ያኔ ይህን የጠበቀ ሰው አልነበረም። ፊልሙ ከጀመረ በኋላ ማንም ሲኒማ ቤት እንዳይገባ ያስከለከለውም ዘግይቶ የመጣ ሰው «እሷ የታለች?» እንዳይል ነው። (ይህን ሕግ እኛ ቤት ላመጣው ሞክሬያለሁ። ሁሌ ግማሽ ሰዓት አርፍዶ «ይሄ ማነው? ምን አደረገ?» የሚለን አንድ የሰፈር ልጅ አለ። እናቴ «እንግዳ ከደጅ አይመለስም» ብላ አስገባችው።) በ1998 ያን ሻወር ያላወቀ ተመልካች የለም። ምስሉን መድገም ይቻላል፣ ድንጋጤው ግን ከ1960 ጋር ሄዷል።

ፊልሙ የማንን ፍርሃት እንደሚፈራ አለመጠየቅ

ይህ ከሁሉም የሚበልጠው ስህተት ይመስለኛል። «ኢንቬዥን ኦፍ ዘ ቦዲ ስናቸርስ»ን እንውሰድ። የዶን ሲገል የ1956ቱ በአንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው የሚካሄደው። ሰዎች እየመጡ ለዶክተሩ «አጎቴ አጎቴ አይደለም» ይሉታል። መልኩ ያው፣ ድምፁ ያው፣ ግን ውስጡ ሌላ ነው። በዚያን ዘመን አሜሪካ ጎረቤት ጎረቤቱን በኮሙኒስትነት ይጠረጥር ነበር። ኮሙኒስቱን የሚፈሩትም፣ ጥርጣሬውን ራሱን የሚፈሩትም ፊልሙን የራሳቸው ፍርሃት አድርገው አይተውታል።

ፊሊፕ ካውፍማን በ1978 ሲሠራው ታሪኩን ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ወሰደው። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ከተማ ውስጥ ጎረቤትህ ቢለወጥ በምን ታውቃለህ? መጀመሪያስ መቼ ታውቀው ነበር? የ1956ቱ ዋና ተዋናይ ኬቨን ማካርቲም አንድ አፍታ ብቅ ብሎ መንገድ ላይ እየሮጠ ሲያስጠነቅቅ ይታያል። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የጀመረውን ሩጫ ገና ያልጨረሰ ይመስላል። ያኔ ስቱዲዮው ሲገልን ተስፋ ያለው መነሻና መደምደሚያ አስጨምሮት ነበር፤ በ1978ቱ እንዲህ ያለ ርኅራኄ የለም። የመጨረሻዋን ምስል አልነግራችሁም።

እኛ ሰፈር ይህን ፊልም ሳየው ሌላ ነገር ሆነብኝ። እናቴ ድሮ ከበራችን እስከ አስፋልቱ ያለውን ቤት ሁሉ በልጆቹ ስም ትጠራው ነበር። ዛሬ ከተማው ሰፍቷል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2016 ከተከፈተ ወዲህ የመጣው ሰው ብዙ ነው፤ ተከራዩ ይገባል፣ ይወጣል። «እዚያ ቤት ማን አለ?» ስላት «እኔ እንጃ፣ ሰላምታ እንኳን አያውቁ» አለችኝ። ሃያ ዓመት ወደ ኋላ ብንመለስ የ1956ቱ ይሻለን ነበር። ዛሬ የ1978ቱ ቅርባችን ነው።

የመጀመሪያውን ሳምንት ወሬ ማመን

የጆን ካርፔንተር «ዘ ቲንግ» በሰኔ 1982 ወጣ። የስቲቨን ስፒልበርግ ደጉ እንግዳ «ኢ.ቲ.» ከወጣ ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ሕዝቡ የሚወደድ እንግዳ ፍጡር አግኝቶ ሳለ ሰው መስሎ ሰው የሚበላ ማን ይፈልጋል? ተቺዎቹ አብጠለጠሉት፣ ገቢውም አላረካም። ዛሬ ከሆረር ምርጦች አንዱ ተብሎ ይጠራል።

ይህም ሪሜክ ነው፣ ወይም እንደገና ከምንጩ የተቀዳ ነው። የ1951 ፊልም አለ፣ ከሁለቱም በፊት የጆን ካምቤል የ1938 ታሪክ አለ። የ1951ዱ ፍጡር ከሩቅ የሚታወቅ ግዙፍ ነው። ሰዎቹ ይሰባሰባሉ፣ ይመክራሉ፣ ይገጥሙታል። ካርፔንተር ወደ ታሪኩ ተመልሶ የተተወውን ነገር አነሳ፦ ፍጡሩ ማንንም መምሰል ይችላል። አሁን መሰባሰብ ራሱ አደጋ ሆነ።

ማን ሰው፣ ማን ፍጡር እንደሆነ የሚለዩበትን የደም ምርመራ ትዕይንት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሰዎቹ ታስረዋል። የእያንዳንዱ ደም በየሳህኑ ተቀምጧል። አንዱ ሽቦ ያግላል፣ ደሙ ውስጥ ይከታል። ጢስ። ቀጣዩ። ጢስ። ሦስተኛው ላይ መብራት ሄደ። በፊልሙ አይደለም፣ በእኛ ቤት። ድቅድቅ ጨለማ። ማንም አልተናገረም። ከዚያ ቆርቆሮው ላይ አንድ ከባድ ነገር «ጓ!» ብሎ አረፈና መራመድ ጀመረ። ጥፍሩ ይሰማል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። የሰፈሩ ልጅ ጮኸ፣ እኔም ጮኽኩ። አባ ኮዳ ነበር። ሐይቅ ዳር የዓሣ አንጀት ሲለቅም ውሎ ማደሪያ የተሳተው አሞራ! እናቴ ስትስቅ ረከቦቱን ልትገለብጠው ነበር። መብራቱ ሲመጣ ግን አምስታችንም እርስ በርስ ተያየን። ያቺን አንድ ሰከንድ የ1951ዱ አይሰጣችሁም። ስለዚህ ሪሜክ ኦሪጅናሉን ሊበልጥ ይችላል ወይ ብትሉኝ፣ ይችላል፤ ይኸው።

በስልክ ድምፅ ፈርዶ መሄድ

አጭር ነው። ሆረር ግማሹ ድምፅ ነው። የ«ዘ ቲንግ» ሙዚቃ ኤንዮ ሞሪኮኔ የሠራው ነው፤ እንደ ልብ ምት ዝቅ ብሎ የሚመታ። በስልክ ስፒከር ጭራሽ አይሰማም። ሲኒማ ውስጥ ተደብቆ የተቀረፀ ቅጂ አይታችሁም ሪሜኩን አትስደቡት።

ቴክኖሎጂ ፍርሃትን ይጨምራል ማለት

የወንድሜ ስህተት ነው፣ አሁን ግን ትንሽ ለዝቧል። በ2011 ያንኑ ስም ይዞ የካርፔንተርን ፊልም መነሻ የሚተርክ ሌላ «ዘ ቲንግ» ወጣ። ባለሙያዎቹ ፍጡሮቹን በእጅ ሠርተው ነበር። በኋላ አብዛኛው ሥራቸው በኮምፒውተር ምስል ተሸፈነ። ሁለቱን በተከታታይ አሳየሁት። በ1982ቱ ሮብ ቦቲን በጎማና በዝልግልግ ነገር የሠራው አስቀያሚ ፍጡር ክብደት አለው። የ2011ዱ የጌም ገጸ ባሕርይ ይመስላል። ወንድሜ ዝም አለ። ለሱ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ደም መጨመርም እንዲሁ ነው። የዴቪድ ክሮነንበርግን የ1986 «ዘ ፍላይ» ብዙ ሰው «የሚያስጠላው ፊልም» ብሎ ነው የሚያስታውሰው። ለሜካፑ ኦስካር አግኝቷል፣ የሚያስጠላ መሆኑም አይካድም። ግን ከ1958ቱ ኦሪጅናል ያስበለጠው ማስጠላቱ አይደለም። በ1958ቱ አንድ ሳይንቲስት በሙከራው ስህተት ከዝንብ ጋር ጭንቅላትና ክንድ ይለዋወጣል፤ በአንድ ጊዜ፣ ቁርጥ ያለ ነገር። በ1986ቱ ለውጡ ቀስ ብሎ ይመጣል። መጀመሪያ ጉልበት ይሰማዋል፣ ደስ ይለዋል። ከዚያ ቆዳው ይበላሻል። ከዚያ መስታወት ፊት ቆሞ ጥፍሩን ሲነካው ይነቀላል። የምትወደው ሴት እየመጣች ታየዋለች። በመጣች ቁጥር ከእሱ የቀረው ያንሳል።

እዚያ ላይ ሁለቱ የሰፈር ልጆች ፊታቸውን ሸፍነው ይስቁ ነበር። እናቴ አልሳቀችም። ሲኒውን እንደያዘች ስክሪኑን እያየች «ይሄማ ማስታመም ነው» አለች። አባታችንን ሁለት ዓመት አስታማለች። ወንድሜ ድምፁን ትንሽ ቀነሰው፤ ፈንዲሻውንም ማንም አልነካው። ፊልሙ እስኪያልቅ ወደ ስልኩ የዞረ ሰው አልነበረም።

ለዚህ ቅዳሜ የ1958ቱን እንድናይ የጠየቀችው ራሷ ናት። «ያኛውስ እንዴት አድርጎት ይሆን?» ብላ።