አዲሱ የሥራ ፕላትፎርም ገባ፣ ሰዉ ግን አልገባም (ችግርና መፍትሄ)

ኢንተርኔት አለ፣ ፓስወርዱ ልክ ነው፣ አፑም አፕዴት ተደርጓል ብዬ ነው የምጀምረው። ቲምስም ስላክም (ሰራተኞች ለሥራ የሚጻጻፉባቸውና ፋይል የሚላላኩባቸው አፖች) ለተለያዩ መስሪያ ቤቶች ሳስገባ ደጋግሞ የገጠመኝን ብቻ ነው የምጽፈው።

ችግር፦ «ገባሁ ግን ባዶ ነው፣ ምንም ቻናል አይታየኝም»
ቻናል የሚባለው በየርዕሱ የተከፈለ የጋራ መጻፊያ ቦታ ነው፣ ያልታየው ብሮውዘሩ በግል አካውንቱ ገብቶ ቁጭ ስላለ ነው። ለሥራ የራሱ ብሮውዘር ፕሮፋይል ክፈቱለት፣ አለቀ። ቲምስ ላይ እንግዳ ሆኖ የተጋበዘ ሰው ከሆነ ደግሞ ከላይ ፎቶው ያለበትን ነክቶ ወደ ጋበዘው ድርጅት መቀየር አለበት።

ችግር፦ ሲገባ ከፓስወርዱ ሌላ የሚጠየቀው፣ ስልኩ ላይ ካለው የኮድ አፕ የሚያየው ኮድ «ልክ አይደለም» ይላል
የስልኩ ሰዓት ተዛብቷል። ኮዱ በየ30 ሰከንዱ የሚቀየረው በስልኩ ሰዓት እየተሰላ ስለሆነ ሰዓቱን አውቶማቲክ አድርጉት። ኮዱን ስክሪንሹት አንስታችሁ «ይሄ ለምን እምቢ አለኝ» ብላችሁ ግሩፕ ላይ አትልቀቁ! ያደረጉ አሉ እኮ።

ችግር፦ ኖቲፊኬሽን አይመጣም
አንድሮይድ ከሆነ ባትሪ ቆጣቢው አፑን እያስተኛው ይሆናል፣ ከዛ ውስጥ አውጡት። ካልሆነ ሰውዬው ራሱ ሚውት አድርጎታል፣ እውነት ለመናገር አልፈርድበትም፣ «ቁልፍ የጠፋበት አለ?» ለማለት ሁለት መቶ ሰው ታግ የሚያደርግ ባልደረባ ካለ እኔም ሚውት አደርጋለሁ። ስላክ ላይ «ሂር» የሚለው ታግ በዛ ሰዓት ኦንላይን ያሉትን ብቻ ነው የሚጠራው፣ «ቻናል» የሚለው ግን የተኛውንም ይቀሰቅሳል። ልዩነቱን አስተምሯቸው።

ችግር፦ ሁሉም ተመዝግቧል፣ ማንም አይጽፍም
ይሄኛው ነው ጸጉሬን ያስነጨኝ። የሁለት ሰዓት ስልጠና ሰጥተን፣ ተጨብጭቦ፣ ሁሉም አፑን ጭኖ ወጣ። በሦስተኛው ሳምንት ገብቼ ሳይ ቻናሉ ላይ ያለው እኔ የጻፍኩት «እንኳን ደህና መጣችሁ» እና ሦስት አውራ ጣት ብቻ ነው። ሥራው ሁሉ የድሮው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ እንደ ድሮው ይንጫጫል። ሰራተኛው ሰነፍ ነው፣ ቴክኖሎጂ አይወድም ምናምን ተባለ። የድሮውን ግሩፕ ከፍቼ ሳይ ግን የመጨረሻው መልእክት «የነገው ስብሰባ ወደ ከሰዓት ዞሯል» ይላል፣ የጻፉት ደግሞ ፕላትፎርሙ ይገዛልን ያሉት ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ናቸው። ታዲያ ስብሰባው የሚነገረው እዛ ከሆነ ሰው ምን ሊያደርግ ይምጣ?

ምክንያቱ ሁሌም ይሄው ነው ማለት ይቻላል፣ ሰው የሚሄደው ስልጠና ወደተሰጠበት ሳይሆን ሥራው ወዳለበት ነው። ሁለቱም ቦታ ክፍት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። አንድ መስሪያ ቤት የተስተካከለው ዋጋ አዲሱ ፕላትፎርም ላይ ተቀመጠ፣ አሮጌው ዋጋ ግሩፑ ላይ ቀረ፣ ለደንበኛው የሄደው አሮጌው ነው። ከዛ በኋላ ማን እንደተወቀሰ ገምቱ፣ እኔ!

መፍትሄው ከአለቃ ይጀምራል። አለቃው ድሮው ግሩፕ ላይ ለተጠየቀ ነገር እዛው አይመልሱ፣ መልሱን አዲሱ ላይ ይጻፉ። ይሄን እሺ ካላሉ ሌላውን ሁሉ መሞከር ድካም ነው።

ቀጥሎ አንድ ሥራ ምረጡና ሙሉ በሙሉ አዛውሩት፣ የፈቃድ ጥያቄ ወይ የክፍያ ጥያቄ፣ ከዛ ሌላ ቦታ ከመጣ አይታይም በሉ። አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ የሂሳብ ሰራተኛ ነበሩ፣ ሁሉም «እሳቸው በጭራሽ አይለምዱትም» ይል ነበር፣ የክፍያ ጥያቄው ወደ አዲሱ ሲዞር ግን ከሁሉም ቀድመው የለመዱት እሳቸው ሆኑ፣ እንደውም በግል ቻት የሚልክባቸውን ወጣት «ቻናሉ ላይ ጻፈው ልጄ» እያሉ ይመልሱት ጀመር።

ከዛ ቀን ቁረጡ፣ ሁለት ሳምንት ይበቃል፣ ቀኑ ሲደርስ ድሮው ግሩፕ ላይ አድሚን ብቻ እንዲጽፍ አድርጉት። ቴሌግራምም ዋትስአፕም ይሄ ሴቲንግ አላቸው። እንዳታጠፉት! በፍጹም! አንዴ ተጣድፈን አጠፋነው፣ ስንት የደረሰኝ ፎቶና ስልክ ቁጥር እዛ ውስጥ ነበር፣ ማታውኑ ሰራተኛው አዲስ ግሩፕ ከፈተ፣ በዚህኛው ግን አለቃውም እኔም የለንበትም።

ቻናል ደግሞ አታብዙ። መጀመሪያ አካባቢ ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ 34 ቻናል ከፍቼ አውቃለሁ፣ ሰዉ የት እንደሚጽፍ ግራ ሲገባው ለእኔ በግል ይልክልኝ ነበር። አሁን ከአምስት በላይ አልከፍትም፣ ሲያንስ እነሱው ይጠይቃሉ።

ችግር፦ ፋይሉ ትናንት ነበር፣ ዛሬ የለም
ስላክ በነጻ የምትጠቀሙ ከሆነ ከ90 ቀን በላይ የሆነው አይታያችሁም፣ ወይ ክፈሉ ወይ ዋና ነገር ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

ቲምስ ከሆነ ግን ማን እንደላከው ጠይቁ። በግል ቻት የተላከ ፋይል የሚቀመጠው በላኪው ዋንድራይቭ (የራሱ የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ) ውስጥ ነው፣ ቻናል ላይ የተጫነው ደግሞ የቲሙ ሼርፖይንት (የጋራ ማስቀመጫ) ላይ። ላኪው ሥራ ለቆ አካውንቱ ከተደለተ፣ ሴቲንጉን ካልነካችሁት ዋንድራይቩ የሚቆየው 30 ቀን ነው፣ ከዛ በኋላ ማስመለሱ ሌላ ጣጣ ነው። የአንድ ዓመት የኮንትራት ሰነድ እንዲህ ሲሄድ አይቻለሁ፣ ሰውዬው በሰላም ተሰናብቶ ኬክ ተቆርጦለት ነው የሄደው፣ ፋይሎቹ አብረውት እየሄዱ እንደሆነ ማንም አላሰበም። ስለዚህ ሥራ የሆነ ፋይል ቻናል ላይ ይጫን፣ የሚለቅ ሰው ሲኖር ደግሞ አካውንቱን ከመደለታችሁ በፊት ዋንድራይቩን ለቅርብ ኃላፊው ክፈቱለትና የሚያስፈልገውን ያውጣ። ኬኩ ከመቆረጡ በፊት ቢሆን ይመረጣል፣ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚያውቀው የሚለቀው ሰው ነውና።