የካቴናዬ ጩኸት እንዴት ጠፋ

ከጓደኞቼ ጋር ቦንጋ ደርሰን ወደ ጅማ ስንመለስ የሞተሬ ካቴና «ቀጭ ቀጭ» ማለት ጀመረ። አጠበቅኩት። ባሰበት። «ትልቅ ሞተር ግዛና ተገላገል» ብለው ሳቁብኝ። ትንሿን ባለ 125 ሲሲ ሞተሬን ግን አልለውጥም። ጭቃ ውስጥ ስትወድቅ ብቻዬን አነሳታለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስቼ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ማርሹን ዜሮ አድርጌ በእጄ ቀስ ብዬ አዞርኩት። ካቴናው አንድ ቦታ ይላላል፣ ሌላ ቦታ ይወጠራል። ለካ ያጠበቅኩት በላላው በኩል ነው! ሦስት አንጓዎች ደርቀው እንደ ሽማግሌ ጉልበት አይታጠፉም። ጥፋቱ የኔው ነው፤ የተቃጠለ ዘይት ስቀባው ከርሜ አቧራውን ሁሉ ሰብስቦ ሊጥ ሆኗል።

በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጠብኩት። በጨርቅ አደረቅኩት። በውስጥ በኩል 90 ቁጥር የማርሽ ዘይት ጠብ ጠብ እያደረግኩ የደረቁትን አንጓዎች ወዲያ ወዲህ አፍታታኋቸው። ከዚያ በጣም የሚወጠርበትን ቦታ ፈልጌ እዚያው ላይ ለካሁ። መሀሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበት ወደ 25 ሚሊ ሜትር ልቅነት ተውኩለት። ከኋላ ጎማው ግራና ቀኝ ያሉትን የማስተካከያ ምልክቶች እኩል አድርጌ የጎማውን ዳዶ አጠበቅኩ።

አጋሮ ደርሼ ተመለስኩ። ጸጥ! የሳቁብኝ ሰዎች አሁን ብሩሼን እየተዋሱ ነው።