ከዘንጉ ውሃ አልወጣ ሲል፦ የጎማ መገጣጠሚያ ችግርና መፍትሄ

ፓምፑን ለጊዜው አትንኩት። በውሃ የሚሠራ የመስኮት ማጽጃ ዘንግ ሲያስቸግር የብዙ ሰው እጅ ቶሎ የሚሄደው ወደ ፓምፑ ነው። እኔ ግን ደጋግሜ ያየሁት፣ ችግሩ ጎማውና ፊቲንጉ፣ ማለትም ጎማውን የሚያያይዘው መገጣጠሚያ፣ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሲገኝ ነው። አንድ ጊዜ ብሩሹ ላይ ውሃ ከሚረጩት ሁለት ኖዝሎች አንዱ አልተፋ አለኝና ግማሽ ቀን ሙሉ ፓምፕና ፊልተር ስፈታ ስገጥም ዋልኩ። በመጨረሻ ኖዝሉን ነቅዬ ወደ ብርሃን አድርጌ ሳየው፣ የጥፍር ቁራጭ የማታክል ነጭ የቴፍሎን ብጣሽ ቀዳዳው ላይ ተለጥፋለች። ውሃ እንዳያፈስ ብዬ የቴፍሎን ቴፑን የፊቲንጉ ጥርስ ላይ ስጠመጥም የተረፈችው ጫፍ ናት። ከዚያ ወዲህ ፍተሻ የምጀምረው ከብሩሹ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ዘንጉን መሬት ላይ አጋድሙት። ጎማውን ከብሩሹ ንቀሉና ውሃውን ክፈቱ። ከጎማው ጫፍ ጥሩ ውሃ ከመጣ ችግሩ ብሩሹ ላይ ነው። ካልመጣ ወደ ታች ውረዱ፣ ዘንጉ ከረጅሙ ጎማ ጋር የሚገናኝበትን ፍቱና እንደገና እዩ። አንድ መገጣጠሚያ በአንድ ጊዜ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ከፈታችሁ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

ፊቲንጉ ጋ ያንጠባጥባል

ይሄ በጣም የተለመደው ነው። ተገፍቶ የሚገባው ዓይነት ፊቲንግ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ አቆራረጡ ላይ ነው። በመቀስ ወይም በደነዘዘ ቢላ የተቆረጠ ጎማ ጫፉ ይጨፈለቃል ወይም ሰያፍ ይሆናል፣ ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበትም ዙሪያውን እኩል ሊይዘው አይችልም። በስለታም ምላጭ ወይም በጎማ መቁረጫ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡት። ከዚያ ግፉት። መጀመሪያ ትንሽ ይይዛል፤ እዚያ ላይ ገባ ብላችሁ አትተዉት፣ እስኪቆም ድረስ ጨምራችሁ ግፉ። የት ድረስ መግባት እንዳለበት በእስክሪብቶ ጎማው ላይ ምልክት ብታደርጉ በዓይናችሁ ታረጋግጣላችሁ። በመጨረሻ ወደ ኋላ ሳብ አድርጉት፤ ከተንሸራተተ አልያዘም ማለት ነው።

ስትነቅሉት ደግሞ ውሃውን ዝጉና ግፊቱን አስወጡ። ፊቲንጉ አፍ ላይ ያለውን ቀለበት ወደ ውስጥ ተጭናችሁ ጎማውን ሳቡ። በጉልበት የተነቀለ ጎማ ጫፉ ላይ ጭረት ይቀርበታል፣ በዚያ ጭረት ውሃ ያልፋል። ስለዚህ መልሳችሁ ከመግጠማችሁ በፊት ሁለት ሳንቲሜትር ያህል ቁረጡና አዲስ ጫፍ ስጡት።

ጎማው ተስፈንጥሮ ይወጣል

በተለይ ውሃውን ከብሩሹ በኩል ስትዘጉ። ያኔ ግፊቱ ይጨምራል፣ በደንብ ያልያዘውም ይለቃል። እዚህ ጋ መጠኑን አጣሩ። የዘንግ ጎማ ብዙ ጊዜ የሚጠራው በውጭ ስፋቱ ነው፤ 8 ሚሊሜትር ሲሉ ውስጡ 5 ብቻ ሊሆን ይችላል። መሬት ላይ የሚጎተተው ረጅሙ ጎማ ግን ብዙ ጊዜ በውስጥ ስፋቱ ይጠራል። ሁለቱም ‘8’ ስለተባሉ ብቻ አንድ ፊቲንግ ይበቃቸዋል ብላችሁ እንዳትገዙ፣ ስፋት በሚለካው መሣሪያ፣ በካሊፐር፣ ለኩት። ጥርስ ባለው ጫፍ ላይ የሚገባ ጎማ ከሆነ ደግሞ ፋሼታ ያስፈልገዋል፤ ጎማውን ጥብቅ አድርጎ የሚያስረው የብረት ቀለበት ማለቴ ነው። በሙቅ ውሃ የምትሠሩ ከሆነ ጎማው ይለሰልሳል። ከሞቀ በኋላ ፋሼታውን ደግማችሁ እዩት።

መሬት ላይ ደህና ነው፣ ከፍ ሲል ይደክማል

የተወሰነው የተፈጥሮ ነገር ነው። ውሃ 10 ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ ወደ 1 ባር ግፊት ያጣል። ስለዚህ ትንሽ ቢቀንስ አትደንግጡ። ጭራሽ ከጠፋ ግን የታጠፈ ቦታ ፈልጉ። እኔ ቀድሜ የማየው ሁለት ቦታ ነው፤ ጎማው ከዘንጉ ግርጌ የሚወጣበትንና ብሩሹ አንገት ጋ የሚታጠፍበትን። በዘንጉ ውስጥ የሚያልፍ ጎማ ከሆነ ዘንጉን ስታሳጥሩ ትርፉን ከታች እየሳባችሁ አውጡት፣ አለዚያ ውስጥ ተጠቅልሎ ይታነቃል። አጭርም አይሁን። ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ከታች አንድ ተኩል፣ ሁለት ሜትር ያህል ሊተርፍ ይገባል። ካልተረፈ ዘንጉ በተዘረጋ ቁጥር የላይኛውን ፊቲንግ ይጎትተዋል።

ልዩነቱን በግምት አትተዉት። ብሩሹን ባልዲ ውስጥ አድርጋችሁ አንድ ደቂቃ አስሞሉና ስንት ሊትር እንደሆነ ጻፉ። ደህና በሚሠራበት ቀን የጻፋችሁት ቁጥር ካለ፣ የተበላሸ ቀን በጣም ይረዳችኋል።

አንዱ ኖዝል ብቻ ይተፋል

ከላይ የነገርኳችሁ ነው። የቴፍሎን ብጣሽ፣ የጎማ ፍቅፋቂ ወይም አሸዋ። ኖዝሉን ንቀሉና ከፊት በኩል ውሃ ልቀቁበት፣ በገባበት ይውጣ። በመርፌ አትጎርጉሩት፤ ቀዳዳው ከሰፋ ውሃው ሁሉ በዚያ በኩል ይሄዳል። ኖዝሉ ንጹሕ ከሆነ ለሁለት የሚከፍለውን ፊቲንግና ከሱ የሚወጡትን ሁለት አጫጭር ጎማዎች እዩ። ቴፍሎን ስትጠመጥሙ ደግሞ የመጀመሪያውን ጥርስ ባዶ ተዉት።

ውሃው ይመጣል ይጠፋል፣ ፓምፑ ይነሳል ይቆማል

አሁን ነው ወደ ፓምፑ የምንሄደው፣ ያውም ወደ መምጠጫው በኩል። እዚያ ያለ ክፍተት ውሃ ሳያንጠባጥብ አየር ሊስብ ይችላል። ስለዚህ ደረቅ ስላያችሁት ደህና ነው አትበሉ። ጎማው ውስጡ የሚያሳይ ከሆነ አረፋ ሲያልፍ ታያላችሁ። ፋሼታውን አጥብቁ፣ ጎማው ተሰንጥቆ እንደሆነ ቆርጣችሁ መልሱ። አረፋ ከሌለና የፓምፑ መቆጣጠሪያ ‘ውሃ ተዘግቷል’ እያለ የሚያቆም ከሆነ፣ ምናልባት የጎማ ርዝመት ወይም ዓይነት ቀይራችኋል። መቆጣጠሪያውን በመመሪያው መሠረት እንደገና አስተካክሉት።

በእጅ ቶሎ የሚገጠመው ዓይነት ፊቲንግ ካንጠባጠበ ውስጡ ያለውን ኦሪንግ፣ ማለትም ክቡን የጎማ ቀለበት፣ ቀይሩ። ሲገጠም በቀላሉ እንዲገባ የሲሊኮን ቅባት ቀቡት። ቫዝሊን ይቅርባችሁ፤ አንዳንዱን የጎማ ዓይነት ያሳብጠዋል።

አንድ ነገር አደራ። ጠግናችሁ ለሙከራ ዘንጉን ከማቆማችሁ በፊት ቀና ብላችሁ የኤሌክትሪክ ሽቦ እዩ። ብዙ ዘንግ የሚሠራበት ካርቦን ፋይበር ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ እጃችሁ ደግሞ እርጥብ ነው። ሽቦ ካለ ቦታ ቀይሩ።